ሮማም «ባህል ነው» ብላ ነበር

ጠለፋና አስገድዶ መድፈር በተነሳ ቁጥር እኛ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም በውጭ አገር የምንኖረው፣ ሁለት ቦታ እንከፈላለን። አንደኛው ወገን አንገቱን ደፍቶ «ኋላ ቀር ስለሆንን ነው፤ ፈረንጅ ከዚህ ጣጣ የወጣው ከስንት መቶ ዓመት በፊት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቆጣ ብሎ «ባህላችንን አትንኩብን፤ ይህ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ ወሬ ነው» ይላል። ሁለቱ የማይስማሙ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ላይ ሙሉ ለሙሉ ተስማምተዋል፤ ነገሩ የኛ ብቻ ነው በሚለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስምምነታቸው ሐሰት መሆኑን ማሳየት ነው። ማስረጃዬንም የማቀርበው ከምኖርባት ከተማ፣ ከሮማ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ሥራዬም ምህንድስና ነው። በኔ ሙያ ግድግዳ ሲሰነጠቅ «የአካባቢው ጠባይ ነው» ተብሎ አይታለፍም። መሠረቱ ተቆፍሮ ይታያል፣ ጭነቱ ይለካል፣ ስሌቱን የሠራው ሰው ይጠየቃል። ሕግንም በዚሁ ዓይን ለማየት ሞክሬአለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ አንቀጽ፣ ሁለት አገር

ሮማ ውስጥ፣ በቲበር ወንዝ ዳር፣ ፒያሳ ካቩር ከሚባለው አደባባይ ላይ አንድ ግዙፍ የድንጋይ ሕንጻ ቆሟል። በ1911 የተመረቀው ይህ ሕንጻ የጣሊያን ሰበር ሰሚ ፍርድ ቤት መቀመጫ ነው። የከተማው ሰው ግን «ፓላጻቾ» ይለዋል፤ አስቀያሚው ሕንጻ እንደማለት ነው። እዚህ ሕንጻ ውስጥ ሲሠራበት የኖረው የወንጀል ሕግ በሙሶሊኒ ዘመን፣ በ1930፣ የወጣውና በፍትሕ ሚኒስትሩ በአልፍሬዶ ሮኮ ስም የሚታወቀው ነው።

የዚህ ሕግ አንቀጽ 544 የሚለው በአጭሩ እንዲህ ነበር፤ ሴት የደፈረ ሰው የደፈራትን ሴት ካገባት ወንጀሉ ይሰረዛል። ክሱ ተጀምሮ ከሆነ ይቋረጣል፤ ተፈርዶበት ከሆነም ቅጣቱ ይቆማል። ተባባሪዎቹም አብረው ነጻ ይወጣሉ። ጣሊያኖች ይህን ጋብቻ «የሚጠግን ጋብቻ» ይሉት ነበር። የሚጠገነው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። አንቀጽ 587 ደግሞ ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እህቱን ከሌላ ወንድ ጋር አግኝቶ በክብሩ ተነክቶ ለገደለ ሰው የሚሰጠው ቅጣት ከ3 እስከ 7 ዓመት እስራት ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። በአንቀጽ 559 መሠረት ሚስት አንድ ጊዜ ብትማግጥ ትታሰራለች፤ ባል ግን የሚጠየቀው ውሽማውን እቤቱ ካስቀመጠ ወይም ነገሩን በአደባባይ ካደረገው ብቻ ነበር። ይህን የመጨረሻውን የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1961 መርምሮ «ትክክል ነው» አለ፤ በ1968 ግን ሐሳቡን ለውጦ ሻረው።

ፋሽዝም በ1943 ወደቀ። በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የሪፐብሊኩ ሕገ መንግሥት በ3ኛው አንቀጹ ዜጎች ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት በሕግ ፊት እኩል ናቸው አለ። አንቀጽ 544 እና 587 ግን በዚሁ ሕገ መንግሥት ሥር ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሩ። የተሻሩት ነሐሴ 5 ቀን 1981 ነው። ይህ ማለት ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ተወልዳችሁ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 558 ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ ካገባት ክስ አይቀርብበትም ይላል። አንቀጽ 599 ደግሞ የተደፈረች ሴት ከደፋሪዋ ጋር ከተጋባችና ጋብቻው ካልፈረሰ ክስ እንደማይኖር፣ ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነም ቅጣቱ ወዲያው እንደሚቋረጥ ይደነግጋል። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መንታ ናቸው ይላል። የናፖሊዮን የ1810 የወንጀል ሕግም ጠልፎ ላገባ ሰው ተመሳሳይ መሸሸጊያ ነበረው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ጠለፋ በአገራችን የነበረ ልማድ ነው፤ ማንም አይክደውም። ጠላፊውን ከፍርድ ቤት ነጻ የሚያወጣውን አንቀጽ ግን የጻፉት የአርሲ ወይም የጎጃም ገበሬዎች አይደሉም። የዘመናዊት አውሮፓ የሕግ ሊቃውንት በቀለም የጻፉት ነው። «ባህላችን» እያልን የምንሟገትለት ነገር ግማሹ በፓሪስና በሮማ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ሁለት ልጃገረዶች

ታኅሣሥ 26 ቀን 1965፣ አልካሞ በምትባል የሲሲሊ ከተማ፣ ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት የገበሬ ልጅ በታጠቁ ሰዎች ከቤቷ ተጠለፈች። የጠለፋው መሪ ቀድሞ ታጭታለት የነበረና አባቷ ጠባዩን አይተው የከለከሉት ፊሊፖ ሜሎዲያ ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ፖሊስ አገኛት። በአካባቢው ልማድ ቀጣዩ ነገር የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ሰርግ ይደገሳል፣ አንቀጽ 544 ይጠቀሳል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ፍራንካ ግን አላገባም አለች። አባቷም አብረዋት ቆሙ።

በታኅሣሥ 1966 ትራፓኒ ላይ በተካሄደው ችሎት የተከሳሽ ጠበቆች «ተስማምታ ነው የኮበለለችው» ብለው ተከራከሩ። ዳኞቹ አልተቀበሉም፤ ሜሎዲያ 11 ዓመት ተፈረደበት። ፍራንካ በ1968 የወደደችውን ሰው አገባች። በ2014 በሴቶች ቀን የጣሊያን ፕሬዚዳንት ጆርጆ ናፖሊታኖ እዚሁ ሮማ ኒሻን ሸለሟት። አንቀጹ ግን እሷ «እምቢ» ካለች በኋላም 15 ዓመት ኖረ።

ሁለተኛዋ ልጅ የኛው አበራሽ በቀለ ናት። በ1996 አርሲ ውስጥ፣ በ14 ዓመቷ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ በመጡ ሰዎች ተጠለፈች። የጠለፋት ሰው ደፈራት። ለማምለጥ ስትሮጥ ሲያሳድዷት በእጇ በገባው ጠመንጃ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። ወዲያው በሰው መግደል ተከሰሰች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1995፣ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ይዞ ተሟገተ። ከሁለት ዓመት ያህል ሙግት በኋላም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። ሙግቱን የመሩት መዓዛ አሸናፊ በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ 2023 መጀመሪያም አገለገሉ።

በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት የባህል አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ፍራንካን ፖሊስ ፈልጎ አገኛት፣ አበራሽን ግን ማንም አልደረሰላትም። ፍራንካ ወደ ችሎት የገባችው ከሳሽ ሆና ነው፤ አበራሽ የገባችው ተከሳሽ ሆና ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ፍትሐዊ እንሁን። የአበራሽ ጉዳይ በ1996 ተነሳ፤ የጋብቻውን መሸሸጊያ የዘጋው አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. (በ2005) ነው። አንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ይናገራል። ከጉዳዩ እስከ ሕጉ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብን፤ ሮማ አሥራ አምስት ፈጅቶባታል። ስለዚህ «ኋላ ቀር ስለሆንን ነው» የሚለው ወንድማችን ቀን መቁጠሪያውን እንደገና ይመልከት።

«እዚያ ሌላ ነው»

ጣሊያንን ስናነሳ አንድ ሌላ ምዕራፍ ልንዘል አንችልም። በሚያዝያ 1937፣ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ ሁለት ወር በኋላ፣ ሮማ አንድ ድንጋጌ አወጣች። ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር የባልና ሚስት ዓይነት ኑሮ ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል ይላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ የሚቀጣው መድፈርን አይደለም። የሚቀጣው ወንዱ ሴቲቱን እንደ ሚስት መቁጠሩን፣ አብሯት መኖሩን ነው። ሴትዮዋ በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ተበዳይ አይደለችም፤ የተደፈረው «የዘር ክብር» ነው። ሕግ የሴትን ገላ አይቶ ሴትዮዋን ሳያያት ሲቀር ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

ኢንድሮ ሞንታኔሊ በጣሊያን እጅግ ከተከበሩ ጋዜጠኞች አንዱ ነበር። በ1935ቱ ወረራ መኮንን ሆኖ ሲዘምት የ12 ዓመት ልጅ ከአባቷ በገንዘብ ገዝቶ አብሯት መኖሩን በ1969 በቴሌቪዥን እንደ ጨዋታ ተረከ። በአዳራሹ ውስጥ ኤልቪራ ባኖቲ የምትባል አስመራ የተወለደች ሴት ነበረች። ተነሥታ ጠየቀችው፤ ይህን በአውሮፓ በ12 ዓመት ልጅ ላይ ብታደርገው ምን ይባል ነበር? መልሱ በአጭሩ «አፍሪካ ውስጥ ሌላ ነው» የሚል ሆነ። ባኖቲ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1970፣ ሮማ ውስጥ «ሪቮልታ ፌሚኒሌ» የተባለውን የሴቶች ቡድን ከመሠረቱት አንዷ ሆነች።

ይህን መልስ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሞንታኔሊ «በአውሮፓ ቢሆን ወንጀል ነው፤ አፍሪካ ውስጥ ግን ልማዳቸው ነው» ሲል፣ በዚያች ደቂቃ ሲሲሊ ውስጥ አንቀጽ 544 ሥራ ላይ ነበር። የሮማው ምሁር «እዚያ አፍሪካ» ይላል፤ የሰሜን ጣሊያኑ «እዚያ ሲሲሊ» ይላል፤ የአዲስ አበባው ሹም «እዚያ ገጠር» ይላል። እኛ በውጭ ያለነው «እዚያ አገር ቤት» እንላለን። ልማዱ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። ክሱን ላለማየት የሚመች ሰበብም እሱ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ልጅቷ ግን «እዚያ» አይደለችም፤ እዚያው ችሎቱ ፊት ቆማለች።

አንቀጹ ሞተ፤ ችሎቱስ?

ሕግ ተሻረ ማለት ዳኛው ተለወጠ ማለት አይደለም። በ1979 የጣሊያን ቴሌቪዥን ከሮማ በስተደቡብ ባለችው በላቲና የተካሄደን የመደፈር ችሎት ቀርጾ አሳየ። አገሩ ያየው ጉድ ተከሳሾቹን አልነበረም፤ የተከሳሽ ጠበቆች ተበዳይዋን ስለ ኑሮዋና ስለ ጠባይዋ ሲያፋጥጧት ነው። የልጅቷ ጠበቃ ቲና ላጎስቴና ባሲ ከአጥፊዎቹ ይልቅ የችሎቱን አካሄድ ከሰሰች ቢባል ማጋነን አይሆንም። መድፈር «በመልካም ጠባይ ላይ የሚፈጸም ወንጀል» መባሉ ቀርቶ «በሰው ላይ የሚፈጸም ወንጀል» የተባለው ገና በ1996 ነው።

ከዚያም ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1999፣ ከላይ የጠቀስኩት የፓላጻቾ ሰበር ችሎት ታሪክ የማይረሳውን ውሳኔ ሰጠ። አንዲት የ18 ዓመት ተማሪ በመኪና መንዳት አስተማሪዋ ተደፈርኩ ብላ ከስሳ አስፈርዳ ነበር። ሰበሩ ፍርዱን ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ ጂንስ ሱሪ ያለ ለባሿ ትብብር ሊወልቅ አይችልም የሚል ነበር። በማግሥቱ የፓርላማ ሴቶች፣ የሙሶሊኒ የልጅ ልጅ አሌሳንድራ ሙሶሊኒ ሳትቀር፣ ጂንስ ለብሰው ተቃወሙ። በግንቦት 2021 ደግሞ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ጣሊያንን ጥፋተኛ አለ። የፍሎሬንስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአንድ የመደፈር ጉዳይ ላይ ስለ ከሳሿ የውስጥ ልብስ ቀለምና ስለ ግል ሕይወቷ በፍርዱ ውስጥ በመጻፉ ነው።

በኛስ? በ2001 አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አስጥሎ ጠላፊውን ያዘው፤ በዋስ ተለቀቀ። ሲለቀቅ እንደገና ጠለፋትና የጋብቻ ውል አስፈረማት። ያ አሮጌ አንቀጽ ምን ሲሠራ እንደኖረ አያችሁ? በ2003 አሥር ዓመት ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈቅዳ ይሆናል በሚል ሐሳብ ፍርዱን ሽሮ ለቀቀው። በአገር ውስጥ የሚጮህበት በር ሁሉ ሲዘጋ በ2007 ጉዳዩ ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ሄደ። ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ ኮሚሽኑ ኢትዮጵያ መብቷን ጥሳለች ብሎ 150,000 ዶላር ካሣ እንዲከፈላት ወሰነ። ትራፓኒ ላይ «ተስማምታ ኮበለለች»፣ ሮማ ላይ «ጂንሱ»፣ አርሲ ላይ «ፈቅዳ ይሆናል»። ቋንቋው ይለያይ እንጂ አረፍተ ነገሩ አንድ ነው።

አንድ ቀዳዳም ዛሬ ድረስ ሳይደፈን እንዳለ አንርሳ። የኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 መድፈርን ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም ብሎ ስለሚተረጉመው ሚስቱን ያስገደደ ባል በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። የሮማ ሰበር ይህን ጥያቄ በ1976 ዘግቶታል።

ከጠረጴዛው ጀርባ ማን አለ?

በ1947 ሮማ ውስጥ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ፣ ሴት በተፈጥሮዋ ለዳኝነት የሚሆን ሚዛን የላትም ብለው የተከራከሩ እንደራሴዎች ነበሩ። በ1956 ሴቶች ለከባድ ወንጀሎች ችሎት የሕዝብ ዳኛ እንዲሆኑ ሲፈቀድ ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱ ወንድ መሆን አለባቸው ተባለ። የዳኝነት በር የተከፈተው በ1963 ሕግ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሴት ዳኞች ሥራ የጀመሩት በ1965 ነው፤ ፍራንካ በተጠለፈችበት ዓመት። ፖሊስም እንዲሁ ነው። በ1959 የተቋቋመው የሴት ፖሊስ ጓድ በዋናነት የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ ብቻ ይሰጠው ነበር፤ ከወንዶቹ ጋር የተዋሃደው በ1981 ነው፤ አንቀጽ 544 በተሻረበት በዚያው ዓመት።

የሮማው ሰበር በሴት ፕሬዚዳንት የተመራው ለመጀመሪያ ጊዜ በመጋቢት 2023፣ ማርጌሪታ ካሳኖ ስትሾም ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ አምስት ዓመት ቀድማለች። ሴት ዳኛ ሁሉ ፍትሕ ታውቃለች፣ ወንድ ዳኛ ሁሉ ያዳላል ማለቴ አይደለም። ቁንጮው ላይ አንዲት ሴት ማስቀመጥም ሥሩን አይለውጥም። በ2023 ሐዋሳ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስትጠለፍ ጠላፊው በፀጥታ ሥራ ላይ የነበረ ሰው መሆኑን አንርሳ። ነገሩ የሚወሰነው ከሁሉ አስቀድሞ ታች፣ የፖሊስ ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቃሏን ማን ተቀበላት? በስንት ቀን?

ይህ «በስንት ቀን» የመሐንዲስ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። በ2012 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ አንዲት ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣች ስደተኛ ባሏን ከሳ ቃሏን ለመስጠት የተጠራችው ከሰባት ወር በኋላ ነው። በ2013 ባልየው ልጃቸውን ገደለ። በ2017 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ጣሊያንን ጥፋተኛ አለ። በ2019 የወጣው «ቀይ ኮድ» የሚባለው ሕግ ዐቃቤ ሕግ አቤቱታው በተመዘገበ በሦስት ቀን ውስጥ ተበዳይዋን እንዲሰማ ያዛል። ኅዳር 25 ቀን 2025 ደግሞ ፓርላማው ሴትን በሴትነቷ መግደልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ የዕድሜ ልክ እስራት ደነገገበት። እኔ ግን ከቅጣቱ ክብደት ይልቅ ሦስቱን ቀን እመርጣለሁ። ሰባት ወርን ወደ ሦስት ቀን ማውረድ ሊለካ፣ ሊቆጠርና ሊጠየቁበት የሚችል ነገር ነው።

የኛው አንቀጽ 544

አሁን ወደ ራሳችን። ወደዚህ አገር የመጡት ቀደምት እህቶቻችን ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሰው ቤት ሥራ የኖሩ ናቸው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከሥራቸው ጋር፣ የብዙዎቹ ደግሞ ከባላቸው ወረቀት ጋር የተሳሰረ ነው። ባሏ የደበደባት ሴት ኩዌስቱራ ለመሄድ ብታስብ መጀመሪያ የሚመጣባት የወረቀቷ ነገር ነው። ሁለተኛው እኛ ነን። «ገመናሽን ለፈረንጅ ሰጠሽ»፣ «ባልሽን ልታሳስሪ ነው?» እንላታለን። ሽማግሌ ይሰየማል፤ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እሷ ክሷን ታነሳለች፤ ቡና ይፈላል። በዚህ ከተማ ይህን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ጣሊያኖች በ1981 የሻሩትን፣ አገራችን በ1997 ዓ.ም. የዘጋችውን «የሚጠግን ጋብቻ» እኛ ሳሎናችን ውስጥ እናስቀጥለዋለን ማለት ነው።

ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው። ለብድር፣ ለኩርፊያ፣ ለውርስ ጠብ የሚያህለው የለም። ወንጀልን መሰረዝ ግን ሥልጣኑ አይደለም። ሽማግሌዎቻችን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ታስታርቂን?» መሆኑ ቀርቶ «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» ቢሆን ሽምግልናው ክብሩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እህቶቻችን ሊያውቋቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። ከ2013 ጀምሮ የጣሊያን የውጭ ዜጎች ሕግ በቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባት ሴት ከባሏ ወረቀት የተለየ የራሷ የመኖሪያ ፈቃድ የሚሰጥበት መንገድ ከፍቷል። በ2015 የወጣው ድንጋጌ ቋንቋ ለማትችል ተበዳይ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይፈቅዳል። ስለዚህ የባሏ ጓደኛ ቃሏን እያጣመመ የሚተረጉምበት ምክንያት የለም። 1522 የሚባለው ነጻ ስልክም ቀንና ሌሊት ይሠራል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው። «ባህል ነው» የሚለው ቃል አገር የለውም። ሮማም ብላዋለች፣ ፓሪስም ብላዋለች፣ አዲስ አበባም ብላዋለች። በሁለቱም አገር የወደቀው አንዲት ልጅ «እምቢ» ስትልና ከጎኗ የሚቆም ሰው ስታገኝ ነው። ፍራንካ አባቷን አገኘች፤ አበራሽ ጠበቆቿን አገኘች። በሚላኖ፣ በዋሽንግተን፣ በፍራንክፈርት ወይም እዚሁ በኛ ሰፈር ነገ «እምቢ» የምትለዋ እህታችን ማንን ታገኛለች? ይህን የምንመልሰው እኛው ነን።